አበበ ቢቂላ፦ የዘወትር ልምምድ ያነጸው ሕይወት

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶን ሲጠናቀቅ፣ በስታዲየሙ የተሰበሰበው ሕዝብ ያልጠበቀውን ነገር ተመለከተ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በቀዳሚነት የገባው ኢትዮጵያዊ ደጋፊ አልፈለገም። ወደ ሜዳው መካከል ገባ፤ በሣሩ ላይ ተንጋልሎ እግሮቹን እያነሣና እያወረደ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ተከታዩ ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ለተመልካቹ ትንግርት የሆነው ነገር ለአበበ ቢቂላ የዘወትር ሥራው ነበር።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኝ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ልጅነቱን እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ከብት በመጠበቅ አሳለፈ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ።

በዚያ ያገኘው አሠልጣኝ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኒስካነን ሯጮቹን ዳገት ያስወጣቸው፣ ፍጥነትን ከዝግታ እያፈራረቁ ያስሮጣቸው፣ ሰውነት ማፍታታትንም ከሩጫው እኩል ያስተምራቸው ነበር። ልምምዱ ለውድድር ሰሞን ብቻ የሚደረግ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ሥርዓት ሆነ።

ፍሬው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ታየ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት አበበ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ፋሺስት ኢጣሊያ ወስዳ ያቆመችውን የአክሱም ሐውልት አልፎ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ቀድሞ ሲገባ፣ ለአገሩ ሕዝብ ድሉ ከሩጫ በላይ ትርጉም ነበረው።

ዛሬ በከተሞቻችን ዮጋ የሚባለው የሰውነትና የትንፋሽ ልምምድ እየታወቀ መጥቷል። ከዘርፎቹ አንዱ የሆነው አሽታንጋ ዮጋ በሕንድ ማይሶር ከተማ በፓታቢ ጆይስ አማካይነት ለዓለም የተዳረሰ ሲሆን፣ እንቅስቃሴዎቹ በቁርጥ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው። ተለማማጁ በሳምንት ስድስት ቀን ያንኑ ሥርዓት ይደግማል፤ እያንዳንዱንም እንቅስቃሴ ከትንፋሹ ጋር ያስማማል። የአበበ ሙያ ሩጫ ነው፤ ዮጋ አይደለም። ሆኖም ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ሰውነት በአንድ ቀን ብርታት ሳይሆን በየዕለቱ ድግግሞሽ የሚታነጽ መሆኑ ነው። በቶኪዮ ከመሮጡ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፎ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው የሆነው፣ ለዓመታት ያከማቸው ጉልበት ስለታደገው ነው።

ይሁን እንጂ ልምምድ ሰውን ከመከራ ሁሉ አይጋርድም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በእግሩ ላይ በደረሰ ጉዳት ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ተረከበ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት ደግሞ ራሱ የሚያሽከረክራት መኪና ሸኖ አቅራቢያ ተገለበጠች። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ዳግመኛ አልተራመዱም።

ለሕክምና የተላከበት የእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስፖርትን እንደ መድኃኒት የሚጠቀም ነበር። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ከ1940ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ጀምሮ የአከርካሪ ጉዳት ያገኛቸውን ሰዎች ቀስት በማስወርወር ክንዳቸውንና ደረታቸውን ያጠነክር ነበር። አበበም ከዜሮ ጀመረ። ክንዶቹ ሲበረቱ የቀስት ውርወራንና የጠረጴዛ ቴኒስን ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ተወዳደረ። በማግስቱ ዓመት በኖርዌይ በረዶ ላይ በመንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። እግሩን ቢያጣም የልምምድ ጠባዩ አብሮት ቆይቷልና።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው ሥርዓተ ቀብር ላይ አያሌ ሕዝብ ተገኘ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ብሔራዊ የኀዘን ቀን ዐወጁ። ዛሬ የእርሳቸው ዐፅም በአራዳ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

ከዚህ ሕይወት ገበሬውም ከተሜውም የሚቀስመው አለ። ገበሬ ሰውነቱን ያሠራል እንጂ አያፍታታውም፤ በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ወገቡ ቀኑን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ይጎብጣል። ከተሜው በበኩሉ ከወንበር ሳይነሣ ይውላል። ጀርባን ቀና ማድረግ፣ ክንድንና እግርን መዘርጋት፣ በረጅሙ መተንፈስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ደቂቃና የዓላማ ጽናት ይበቃል። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር። ማሳ አንድ ጊዜ በብርቱ ስለታረሰ ብቻ ፍሬ እንደማይሰጥ ገበሬ ያውቃል፤ መደጋገምን፣ መታረምንና መጠበቅን ይሻል። አበበ ቢቂላም ሰውነቱን የያዘው እንደ ትጉህ አራሽ ነው።