ዶክተር አክሊሉ ለማ፤ እንዶድና የዳኝነት ጥያቄ

በሮቤና በጎባ ደጋ ለሚኖር ሰው እንዶድ እንግዳ ተክል አይደለም። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሀንዶዴ ይለዋል፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል። ይህን ተክል ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት ሁሉ ስማቸው የሚቀድመው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሕይወታቸው ለማኅበራችን አባላት የሚተወው ትምህርት ግን ከተክሉ አልፎ ይሄዳል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 በዐድዋ ስለ ብልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ውሃ ውስጥ የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የመጀመሪያ ዘገባቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ፤ በ1970ም ሰፊው ጥናታቸው በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። በዩኒቨርሲቲውም የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ።

ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ውጤቱ የሚያስደስት ነበር። ይሁን እንጂ የተክሉን ኃይል ያገኙት፣ የሞካሪው ተቋም መሥራችና ከዘገባው ጸሐፊዎች አንዱ ያው አንድ ሰው ነበሩ። ይህ ነውር አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ያመጣው ነው። ነገር ግን እኛ መሐንዲሶች ድልድዩን የነደፈው ሰው ብቻውን ፈትሾ እንዲያጸድቀው አንፈቅድም።

የጥቅም ግጭት በአንድ ወገን ብቻ አይገኝም። በዚያው ዘመን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ተቀባይነት ያገኘው፣ በባየር ኩባንያ የሚሠራውና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ባይሉሳይድ ነበር። የእንዶድ ተቀባይነት ሲዘገይ፣ ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት አመኔታ ተነፍጎታል በማለት ደጋግመው አዝነዋል። ማንንም በስም ለመክሰስ ማስረጃ አያስፈልገንም፤ ደራሲው ጥቅሙን የሚገልጽ ከሆነ ገምጋሚውም መግለጽ አለበት ማለት ይበቃናል።

በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1991ም ከአገር ውጭ ያሉ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የእንዶድ ደኅንነት ምርመራ ታተመ፤ የተክሉ ጉዳይ የበለጠ የጠነከረው የሌላ እጅ ሲፈትሸው ነው። ከዚያም በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውሃ ቧንቧ በሚደፍኑ ዜብራ መስል በተባሉ ዛጎል ለበሶች ላይ እንዶድን ለመጠቀም ፓተንት ሲወጣ፣ ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኑ። ሳይንሳዊ ጉጉት ላይ የገንዘብ መብት ሲጨመር፣ የመግለጽ ግዴታው ይከብዳል።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ከሕይወታቸው የምንረዳው፣ ባለጥቅም ሰው ዝም ይበል የሚል ሕግ ቢኖር ኖሮ የዐድዋው ግኝት ሳይነገር ይቀር እንደ ነበር ነው። ስለዚህ ደራሲው ይጻፍ፤ ያለውን መብትና የገንዘብ ምንጩን ከጽሑፉ ጋር ያስታውቅ፤ አዘጋጁም ጽሑፉን ከነገሩ ነጻ ለሆነ ገምጋሚ ይላክ፤ የማይመች ውጤትም ሳይደበቅ ይታተም። ነገ ከባሌ ደጋ ተነሥቶ ስለ አገሩ ተክል የሚጽፍ ወጣት ተመራማሪ ሊታመን የሚችለው፣ ዳኝነቱ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሲጠብቀው ነው።