ስለ ቶማስ ስቲቨንስና በመንገድ ስለ ተቀበሉት ሰዎች

ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው መንገደኛ በእንግሊዝ አገር በርክሃምስቴድ በምትባል ከተማ በ1854 ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1871 ገና ወጣት ሳለ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፥ በዚያም በባቡር ሐዲድ ፋብሪካና በማዕድን ጉድጓድ እየሠራ ኖረ። ባለጠጋ አልነበረም፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ማንም ያልፈጸመውን ነገር አሰበ፤ ይኸውም ዓለምን በቢስክሌት መዞር ነበር።

የዚያን ጊዜ ቢስክሌት እንደ ዛሬው አልነበረም። የፊተኛው መንኰራኵር አንድ ሜትር ከሩብ የሚያህል ቁመት ነበረው፥ የኋለኛው ግን እጅግ ትንሽ ነበረ። ነጂው በትልቁ መንኰራኵር አናት ላይ ይቀመጣልና ድንጋይ ባሰናከለው ጊዜ በግንባሩ ይወድቅ ነበር። ስቲቨንስ በዚህ ተቀምጦ አፕሪል 22 ቀን 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። የያዘውም ዕቃ ካልሲና ትርፍ ሸሚዝ፥ ድንኳንም መኝታም የሚሆን የዝናብ ልብስ፥ ትንሽ ሽጉጥም ነበረ። ለዚያን ያህል መንገድ የሚበቃ ስንቅ ሊሸከም አይችልም፤ ገንዘብ ቢኖረውም ገበያ በሌለበት ስፍራ ገንዘብ አይበላም። ስለዚህ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሕይወቱ በማያውቃቸው ሰዎች ቸርነት ላይ ተጣለች።

መንገዱ ክፉ ነበርና አሜሪካን ሲያቋርጥ ከሲሶ የሚበልጠውን ቢስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄደ፤ ኦገስት 4 ቀንም ቦስተን ደረሰ። ክረምቱን ከርሞ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፥ በሜይ 1885ም ከሊቨርፑል ተነሥቶ በፈረንሳይ፥ በጀርመን፥ በኦስትሪያ፥ በሃንጋሪ፥ በሰርቢያና በቡልጋሪያ አልፎ ቁስጥንጥንያ ገባ። በሃንጋሪ አንድ ቢስክሌት ነጂ ለብዙ ቀን አብሮት እየነዳ ሸኘው።

ከዚያ ወዲያ ወደ አናቶልያ ተሻገረ። በዚያ አገር ገጠር ቢስክሌት ያየ ሰው ጥቂት ነበርና በደረሰበት መንደር ሁሉ ሕዝቡ ይከበው፥ ወጥተህ ንዳ እያለም ያስጨንቀው ነበር። ነገር ግን የሚያስጨንቁት ሰዎች እነዚያው የሚመግቡት ነበሩ። ለእንግዳ የሚሆን ቤት በየመንደሩ ማቆየት የአገሩ ልማድ ነበርና በዚያ ያሳድሩት ነበር፤ ቂጣና እርጎም ያቀርቡለት ነበር። በኩርዶች ድንኳን ባደረ ጊዜም ከእነርሱ ጋር በላ፥ በእነርሱም ምንጣፍ ላይ ተኛ። በሲዋስ ከተማ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በቤታቸው ተቀበሉት። ቋንቋው ልዩ፥ ሃይማኖቱም ልዩ ነበረ፤ ቢሆንም የራበው መንገደኛ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

የዚያን ዓመት ክረምት በፋርስ በቴህራን ከረመ። በ1886 ወደ አፍጋኒስታን ገባ፤ የአገሩ ሹማምንት ግን ይዘው ወደ ፋርስ ድንበር መለሱት። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ በመርከብ ወደ ሕንድ ሄደ፥ ከላሆር እስከ ካልካታም በቢስክሌቱ ነዳ።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ በቻይና አገር አገኘው። ቻይናና ፈረንሳይ ያደረጉት ጦርነት በ1885 ገና ማብቃቱ ነበርና በብዙ ስፍራ የውጭ አገር ሰው ይጠላ ነበር። ኪንጋን ፉ በምትባል ከተማ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ በድንጋይ ወገረው። በኪሱ ያለው ሽጉጥ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ባላዳነውም ነበር። ያዳኑት ግን የዚያችው ከተማ ሹማምንት ናቸው፤ የገዛ ወገናቸውን ቍጣ ተቋቁመው በግቢያቸው ሸሸጉት፥ በሌሊትም በጀልባ አሳፍረው ሰደዱት። ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ፤ የሚወግሩትና የሚያድኑት ከአንድ ከተማ ወጡ። እንግዲህ ስለ ጥቂቶች ክፋት አንድን ሕዝብ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይገባም።

ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻግሮ ዲሴምበር 17 ቀን 1886 በዮኮሃማ የቢስክሌቱን ጕዞ ፈጸመ። የነዳውም መንገድ 13,500 ማይል ያህል ነበር። የጕዞውንም ታሪክ በሁለት ክፍል መጽሐፍ ጻፈ፥ ስሙም በብዙ አገር ተሰማ። በ1935 በሎንዶን ከተማ ሞተ።

በመጽሐፉ ግን አንድ ጕድለት ይገኛል። ያበሉትንና ያሳደሩትን ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ያላግጥባቸዋል፥ ከእርሱም ያነሱ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ውለታ የተቀበለ ሰው ለውለታው ምስጋና እንጂ ፌዝ አይመልስም። ጕልበቱንና ድፍረቱን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ጕልበቱ ከማን እንጀራ እንደ መጣ መርሳት አይገባንም።

የእነዚያ የብዙዎቹ ድኾች ስም በየትም አልተጻፈም። መንገደኛው ማን እንደ ሆነ አላወቁም፥ ተመልሶም ብድራት እንዲከፍላቸው ተስፋ አላደረጉም። ቢሆንም ከእነርሱ አንዱ ደጁን ቢዘጋ ኖሮ፥ ሌላውም እንደ እርሱ ቢያደርግ ኖሮ፥ ያ ታላቅ ጕዞ በአናቶልያ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። እኛም በአገራችን የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ሲመታ እንሰማለን። ከወዴት እንደ መጣ፥ ወዴትም እንደሚሄድ ላናውቅ እንችላለን። እንደ ራበውና እንደ መሸበት ካወቅን ግን ይበቃል።