የዕውሩ መምህር የዲዲሞስ ታሪክ

በግብፅ አገር በባሕር ዳር እስክንድርያ የምትባል ታላቅ ከተማ አለች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ313 ዓመት ገደማ ዲዲሞስ የሚባል ሕፃን ተወለደ፤ በዚያችም ከተማ ኖረ። አራት ዓመት ሲኾነው ዐይኖቹ ታወሩ። በዚያን ጊዜ ገና ፊደል አልቈጠረም፤ ወደ መምህርም አልሄደም ነበር። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ብርሃን አላየም።

ዛሬ ዕውሮች በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡት ጽሕፈት አለ፤ በዚያ ዘመን ግን አልነበረም። ዲዲሞስ ትምህርት ስለ ወደደ፥ ፊደሎቹ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጠለቅ ተደርገው ተቀረጹለት። እርሱም በጣቱ እየዳሰሰ አንዱን ፊደል ከሌላው ለየ። የቀረውን ትምህርት የተማረው በጆሮው ነው። ሰዎች መጽሐፍ ያነቡለት ነበር። ሌሊት አንባቢው ደክሞት ሲተኛ ዲዲሞስ አይተኛም። የሰማውን ቃል፥ በሬ የበላውን ሣር እንደሚያመሰኳ፥ በልቡ ይመላለስበት ነበር። እንደዚህ እያደረገ ሰዋስውንና የንግግርን ጥበብ፥ ሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ዐወቀ። ያለ ዐይን የማይቻል የሚመስለውን፥ ጂኦሜትሪ የተባለውን የመስመርና የቅርፅ ትምህርት እንኳ ተማረ። ከኹሉም በላይ ብሉይንና ሐዲስን እየተረጐመ የሚያስተምር ሊቅ ኾነ።

በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ከጥንት ዠምሮ የታወቀ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበራቸው። በዚያን ጊዜ የከተማዪቱ ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነበረ። እርሱም ፍሬምናጦስን፥ እኛ አባ ሰላማ የምንለውን፥ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ነው። በከተማዪቱ ዐይን ያላቸው ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ፤ አትናቴዎስ ግን ዲዲሞስን የትምህርት ቤቱ አለቃ አድርጎ ሾመው። ሰው እጁን ካልያዘው በመንገድ የማይሄድ እርሱ፥ የብዙዎች መሪ ኾነ።

አንድ ጊዜ የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ የአርዮስን ተከታዮች ስሕተት ለመግለጥ ከበረሓ ወደ እስክንድርያ መጣ። ከዲዲሞስም ጋራ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ተነጋገረ፤ በዕውቀቱም ተደነቀ። ከዚህ በኋላ ዐይኖቹን በማጣቱ ያዝን እንደ ኾነ ጠየቀው። ዲዲሞስ ዐፍሮ ዝም አለ። አባ እንጦንስ ኹለተኛ ጠየቀው፤ ሦስተኛም ጠየቀው። በመጨረሻ ዲዲሞስ ማዘኑን ሳይሸሽግ ነገረው። አባ እንጦንስም፥ ጉንዳንና ዝንብ ትንኝም ላላቸው ዐይን ማዘን ለጠቢብ ሰው እንደማይገባ፥ ይልቁንም ቅዱሳንና ሐዋርያት በተቀበሉት በልብ ዐይን ደስ ሊለው እንደሚገባ አስረድቶ አጽናናው።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ አድርጉ። ዲዲሞስ ክብሬ ይቀንስብኛል ብሎ አላዝንም ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን እውነቱን ተናገረ፤ ስለ ተናገረም መጽናናትን አገኘ። ኀዘኑን ቢሸሽግ ኖሮ ማን ያጽናናው ነበር?

የዲዲሞስ ስም ወደ ሩቅ አገር ተሰማ። ሩፊኖስ የተባለ የሮማይስጥ ጸሓፊ መጥቶ ብዙ ዓመት ከእርሱ ተማረ። በ386 ዓመት ገደማ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሮማይስጥ የመለሰው ሄሮኒሞስ መጣ። ሄሮኒሞስ ያን ጊዜ ቄስና የታወቀ ሊቅ ነበረ፤ በራሱም ላይ ሽበት ታይቶበት ነበር። ይኹን እንጂ ያላወቀውን ለመጠየቅ በዕውሩ መምህር ፊት ለመቀመጥ አላፈረም። ዲዲሞስ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውንም መጽሐፍ ወደ ሮማይስጥ መለሰው።

ዲዲሞስ በ398 ዓመት ገደማ በሰማንያ አምስት ዓመቱ ሞተ። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በአንዳንድ ነገር የኦሪጎንን ትምህርት ስለ ተከተለ ተነቀፈ። መጻሕፍቱን የሚገለብጥ ሰው አነሰ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። በ1941 ዓመት ግን በካይሮ አጠገብ በቱራ፥ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ዋሻ ውስጥ፥ ሠራተኞች ፍርስራሹን ሲጠርጉ በፓፒሩስ የተጻፉ የቈዩ መጻሕፍት አገኙ። ከእነርሱም ውስጥ ዲዲሞስ ኦሪት ዘፍጥረትን፥ ኢዮብን፥ ዘካርያስንና መዝሙረ ዳዊትን የተረጐመባቸው ነበሩ። እንደዚህ ኾኖ የዕውሩ መምህር ትምህርት ከ1500 ዓመት በኋላ ዳግመኛ ተነበበ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ አለቃ ወይም መምህር ለመኾን የሚወድ ከእናንተ ቢኖር ዲዲሞስን ያስታውስ። ሌላውን ከማስተማሩ አስቀድሞ ብዙ ሰማ፤ ሌላውን ከመምራቱ አስቀድሞ በሰው እጅ ተመራ። የጐደለውንም ሲጠይቁት አልካደም። ዛሬ ፊደል ከብዷችሁ መጽሐፉን ለማጠፍ ስትነሡ፥ በጨለማ ተቀምጦ በጣቱ እንጨት የሚዳስሰውን ልጅ አስቡ፤ ያን ገጽ ሳትጨርሱም አትነሡ።