ሃሮልድ ብላክና ስሕተቱን ራሱ የሚያርም መሣሪያ

ሃሮልድ ስቲቨን ብላክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በ1921 ዓ.ም. የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጽሞ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራ ያዘ፤ ኋላም ወደ ቤል ላቦራቶሪ ተዛወረ።

በዚያ ዘመን መሐንዲሶችን ያስጨንቅ የነበረው የሩቅ አገር ቴሌፎን ነበረ። ድምፅ በሽቦ ርቆ ሲሄድ እየደከመ ስለሚመጣ፣ በየመንገዱ በማጉያ መሣሪያ መበርታት ነበረበት። ነገር ግን እያንዳንዱ ማጉያ ድምፁን ሲያጐላ በጥቂቱ ያበላሸው ነበርና፣ ጥፋት በጥፋት ላይ ተደርቦ ንግግሩ የማይለይ ይሆን ነበር። ብላክ በ1923 ዓ.ም. አንድ መፍትሔ አገኘ፤ ዳሩ ግን ያ መሣሪያ ሰው በየሰዓቱ ካላስተካከለው የማይጸና ሆነ።

ኦገስት 2 ቀን 1927 ዓ.ም. ማለዳ፣ ወደ ሥራው ለመሄድ በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ሲሻገር፣ ሲፈልገው የኖረው ሐሳብ ድንገት መጣለት፤ በእጁ በነበረው ጋዜጣ ላይም ሥዕሉንና ስሌቱን ጻፈ። ሐሳቡም ከማጉያው ከሚወጣው ጥቂቱን ከፍሎ፣ አቅጣጫውን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነበር። በዚህም ማጉያው ብዙ ኃይሉን ያጣል፤ የሚቀረው ግን የታመነ ይሆናል። በድካም የተገኘ ኃይል በፈቃድ መጣሉ ለብዙዎች ሞኝነት መስሎ ስለ ታየ፣ በ1928 ዓ.ም. ላመለከተበት ፈጠራ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘው በ1937 ዓ.ም. ነው።

ይህ ግብረ መልስ የተባለው ዘዴ በቴሌፎን ብቻ አልቀረም። የኤሌክትሪክን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ መለወጫዎች ዛሬም የሚተዳደሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። መሣሪያው የሚያወጣውን ቮልቴጅ ከተወሰነለት ልክ ጋር ያስተያያል፤ ተጠቃሚው በዝቶ ቮልቴጁ ቢወርድ ልዩነቱን አይቶ ያነሣዋል፣ ቢያልፍም ይመልሰዋል። እርማቱ ከዘገየ ግን ቮልቴጁን ከማጽናት ይልቅ ያናውጠዋል። የዚህንም አደጋ ወሰን የሚለይ ሕግ የሥራ ባልደረባው ሃሪ ናይኲስት በ1932 ዓ.ም. አሳተመ።

ብላክ በ1983 ዓ.ም. አረፈ። ትልቁ ሥራው ፍጹም መሣሪያ መሥራቱ አልነበረም፤ ጐደሎው መሣሪያ ውጤቱን እየተመለከተ ራሱን እንዲያቀና ማስቻሉ ነው እንጂ።