መጥረጊያ ይዘው የተማሩት አብራሪ

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቀጥ ቢል ነገሩ ብዙም አያስጨንቅም። ሾፌሩ ዳር ይይዛል፤ ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሞተሩ እስኪበርድ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ቁጭ ይላል። ሰማይ ላይ ግን ዳር መያዝ የሚባል ነገር የለም። በበረራ ላይ መሣሪያ ሲበላሽ አብራሪውን የሚያድነው ስለዚያ መሣሪያ አስቀድሞ ያወቀው ነገር ነው። ይህን ዕውቀት ለማግኘት ወለል የጠረጉ፣ ካገኙት በኋላም ለእኛ ወገኖች ያካፈሉ አንድ ሰው ነበሩ። ዛሬ የምናነሳው የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ታሪክ ነው።

ሮቢንሰን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ቱስኬጊ በተባለው የጥቁሮች ተቋም የመኪና ጥገና ተምረው በ1916 ዓ.ም. ተመረቁ። ቺካጎ ሄደው መኪና እየጠገኑ ኖሩ። ልባቸው ግን አውሮፕላን ላይ ነበር። የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አንቀበልም ብሎ መለሳቸው። እሳቸው ምን አደረጉ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ! ወለል እየጠረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ አስተማሪው እየጣሉ ትምህርቱን ለቀሙት። ከጓደኛቸው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋር ሆነውም በሞተርሳይክል ሞተር የምትሠራ ትንሽ አውሮፕላን ገጣጠሙ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተላቸው። ሁለቱም የአውሮፕላን መካኒክነት ተምረው ከጨረሱ በኋላ ለሌሎች ጥቁሮች አስተማሪዎች ሆኑ።

በግንቦት 1926 ዓ.ም. ሮቢንሰን ቱስኬጊ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ለማግባባት ከጓደኞቻቸው ጋር በሁለት አውሮፕላን ተነሡ። አላባማ ውስጥ ዲኬተር ከተባለች ከተማ ሲነሡ አንደኛዋ ከፍታ መያዝ አቅቷት ወድቃ ተሰበረች። ሮቢንሰን በዚህ አልተመለሱም። በቀረችው ትንሽ አውሮፕላን ብቻቸውን በረው ቱስኬጊ ደረሱ።

በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ ይማሩ በነበሩት በመላኩ በያን አማካይነት ግብዣ ደርሷቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከዚያም የትንሹ አየር ኃይላችን አዛዥ ሆኑ። ያገኙት አየር ኃይል ግን የሚያኮራ አልነበረም። አውሮፕላኖቹ ከአሥራ ሁለት ብዙ የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ ፖቴ 25 የተባሉ የፈረንሳይ ሥሪቶች፣ ያረጁና መለዋወጫ የሌላቸው ነበሩ። በዚያ ላይ የአገራችን ደጋ አለ። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ የዚያን ዘመን ሞተር ገና ሳይነሣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስስ ነው። እንግዲህ በቆላ ጥቃቅን የሚባለው ብልሽት በደጋ ነፍስ ያጠፋል ማለት ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋን በቦምብ ስትደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የወራሪው አውሮፕላኖች በመቶዎች እየተቆጠሩ ሰማዩን ሲሞሉት፣ እሳቸው መሣሪያ ባልታጠቀ አውሮፕላን በግንባርና በአዲስ አበባ መካከል መልእክትና ሰው አመላለሱ። ጠላት ዋና ከተማችንን ሊይዝ ሲቃረብ ወደ አሜሪካ ተመለሱ። የእኛም አየር ኃይል በዚያው አበቃ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በመተማና በገላባት ላይ የእንግሊዝና የጣልያን አውሮፕላኖች ሲዋጉ፣ በገዛ ሰማያችን ላይ አንድም የኢትዮጵያ አውሮፕላን አልነበረም።

ሮቢንሰን ግን አልረሱንም። በ1936 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው መጡና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ሰው ናቸውና ጉድለትም ነበራቸው። ከስዊድናዊው የአየር ኃይል አዛዥ ከካውንት ፎን ሮዘን ጋር እስከ ድብድብ ተጣልተው ከአየር ኃይሉ ወጡ። ቢሆንም አገሪቱን ጥለው አልሄዱም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የሚያበሯት ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። አብሯቸው የነበረው ጣልያናዊ መሐንዲስ ሞተ። እሳቸውም ክፉኛ ተጎድተው መጋቢት 18 ቀን አረፉ። አዲስ አበባ ተቀበሩ።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ? ከመካከላችን ነገ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሽንፋ የሚመደብ አለ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ከሚወርደው ሰው መካከል ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አይታጣም። ከክፍላችን መስኮት ሥር ቆሞ ጆሮውን ሊጥል ይችላል። ያን ልጅ ምን ትሠራለህ ብለን እናባርረው ይሆን? ወይስ ወንበር እንሰጠዋለን? ሮቢንሰን ያን በር ያገኙት ወለል ጠርገው ነው። የእኛ ተማሪ ያን ያህል መጠበቅ የለበትም፤ በሩን የምንይዘው እኛ ነንና።