ሃንደል፦ ሕይወቱና ዘወትር ሊደመጡ የሚገባቸው ዜማዎቹ

ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ሙዚቃ እንጽፋለን ብንል ከኮሚቴው ውስጥ ፊታቸውን ቅጭም ያደረጉ አልጠፉም። ዕድርና ሙዚቃ ምን አገናኛቸው ነው ነገሩ። እውነትም ዕድራችን ያለው የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ጥሩምባ ብቻ ነው፤ እሱም ሌሊት ሲነፋ ሁላችንንም አባንኖ ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን ከማሰኘት በቀር ደስታ አምጥቶልን አያውቅም። ክላሲካል የሚባለውንም የፈረንጅ ሙዚቃ ብዙዎቻችን የለቅሶ ዜማ አድርገን ነው የምንቆጥረው። ራዲዮ ላይ ሲመጣ ጣቢያውን እንለውጣለን።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ኀዘን ቤት ራዲዮ ይዘጋል፤ ይህ ደንባችን ነው፣ ይሻር አንልም። ታዲያ አርባው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩና ድስቱ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ተመልሶ፣ ጎረቤቱም ወደየሥራው ሲሄድ ባልዋ የሞተባት ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ከአራቱ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣሉ። ዘፈን መክፈት ያሳፍራል። ዝምታውም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በእኛም ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ በገባ ጊዜ የደረሰልን ከ260 ዓመት በላይ ሞቶ የቆየ አንድ ጀርመናዊ ነው። ስለዚህ ስለ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ጥቂት እንበል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሃንደል በ1685 ዓ.ም. ሀለ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ያን ጊዜ ስድሳውን ያለፉ፣ ፀጉር መቁረጥንና ቁስል ማከምን አንድ ላይ የያዙ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ሁለቱ ሙያ በአንድ ሰው እጅ ነበርና። ልጃቸው ሕግ ተምሮ ሹም እንዲሆን እንጂ አዝማሪ እንዲሆን አልፈለጉም። የሙዚቃ መሣሪያም ከቤታቸው እንዳይደርስ ከለከሉ። እንደሚተረከው ግን ልጁ ድምፁ ዝቅ ያለ ትንሽ መሣሪያ ከጣሪያው ሥር ካለው ክፍል ደብቆ፣ ሰው ሲተኛ እየወጣ ይለማመድ ነበር። በኋላ አንድ መስፍን ልጁ ኦርጋን ሲመታ ሰምተው አባትየውን ስለ መከሩልት ትምህርቱ ተፈቀደለት። አባቱ ሲሞቱ ሃንደል ገና 12 ዓመት አልሞላውም። ለአባቱ ቃል ብሎ ይመስላል በ1702 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ብዙ አልቆየም፤ በዓመቱ ወደ ሐምቡርግ ሄዶ ቫዮሊን ተጫዋች ሆነ።

ሐምቡርግ ላይ የደረሰበትን ሳንነግራችሁ አናልፍም። በ1704 ዓ.ም. ከማቴሶን ጋር፣ እሱም ሙዚቀኛና ወዳጁ ነው፣ በትርኢት መካከል ማን መሣሪያው ላይ ይቀመጥ በሚል ተጣልተው ከቲያትር ቤቱ ደጅ ሰይፍ ተማዘዙ። የማቴሶን ሰይፍ የሃንደልን የልብስ ቁልፍ መትቶ ተሰበረ። በአንዲት ቁልፍ ተረፈ ማለት ነው። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ታርቀው አብረው ይበሉ ጀመር። ሽማግሌ ገብቶ ይሁን አይሁን አልተጻፈም።

ከዚያ ኢጣልያ ገብቶ የኢጣልያኖችን ዜማ አጠና፤ በ1710 ዓ.ም. የሐኖቨር ገዥ የሙዚቃ ሹም ሆነ። ነገር ግን ለንደንን ባየ ጊዜ ልቡ እዚያው ቀረ። ፈቃድ እየጠየቀ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ ብንል ይቀላል። ቢሮ የሠራን ሰዎች እንዲህ ያለውን ፈቃድ እናውቀዋለን። ምኑ ቅጡ፣ በ1714 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ስትሞት አልጋውን የወረሰው ያው የሐኖቨር ገዥ ሆነና ጌታው ለንደን ድረስ ተከትሎት መጣ። ግን አልቀየመውም። በ1717 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ንጉሡ በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲዝናኑ፣ 50 ያህል ሙዚቀኞች በሌላ ጀልባ ሆነው ሃንደል የደረሰውን ተጫወቱ፤ ንጉሡም ደስ ብሏቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ይህ «የውሃ ሙዚቃ» የሚባለው ነው። ቃል የለበትም፣ ለቅሶም የለበትም። ጧት ቡና ሲፈላ ከፍታችሁ ስሙት፤ ሁሉንም ባይሆን ሩብ ሰዓት ያህሉን።

በ1727 ዓ.ም. ሃንደል የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ። በዚያው ዓመት ለአዲሱ ንጉሥ ዘውድ መጫኛ የደረሰው ስለ ካህኑ ሳዶቅ የሚናገር መዝሙር ከዚያ ጀምሮ በእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ መጫኛ ሁሉ ይዘመራል፤ በ2023 ዓ.ም. ለንጉሥ ቻርልስም ተዘምሯል።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን እንምጣ። ሃንደል ኦፔራ የሚባለውን በዘፈን የሚሠራ ቲያትር እየደረሰ ይኖር ነበር። ሕዝቡ ግን እየሰለቸ ሄደ፤ ሌላ ተፎካካሪ ቲያትር ቤትም ተከፈተበት። በ1737 ዓ.ም. ቀኝ ጎኑን መታውና እጁ አልታዘዝ አለ። ሙዚቀኛ ቀኝ እጁን ካጣ ምን ቀረው? ዕድሜው 52 ነበር። ወደ አኽን ሄዶ ፍል ውሃ ገባ። እኛ ሶደሬና ወንዶ ገነት እንደምንለው መሆኑ ነው። በጥቂት ሳምንታት እጁ ተመለሰለት፤ ወዲያው ተነሥቶ ኦርጋን ሲመታ የሰሙት መነኮሳይያት ተአምር ነው አሉ።

በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ በ1738 ዓ.ም.፣ ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛው «ሴርሴ» የተባለ ኦፔራ ነው። ኦፔራው አምስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ወደቀ፤ መክፈቻው ላይ ያለው ዜማ ግን «ላርጎ» ተብሎ እስከ ዛሬ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የፋርሱ ንጉሥ አንድን ዛፍ ስለ ጥላው የሚያመሰግንበት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፤ ማታ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይሰማ።

ሁለተኛው ነገር እኛን ይመለከታል። በለንደን አንድ ኦቦ የሚባል መሣሪያ የሚነፋ የታወቀ ሙዚቀኛ ነበር። ደኽይቶ ሞተ። ከዚያ ጓደኞቹ ልጆቹን በከተማው መንገድ አህያ ሲነዱ አዩአቸው። አፍረው ተሰበሰቡና ያረጁና የደኸዩ ሙዚቀኞችን፣ የሟቾችንም ሚስቶችና ልጆች የሚረዳ፣ እያንዳንዱ አባል መዋጮ የሚከፍልበት ማኅበር አቋቋሙ። ሃንደል ከመጀመሪያዎቹ አባሎች አንዱ ነው። በየጊዜው ትርኢት እያሳየ ገቢውን ለማኅበሩ ይሰጥ ነበር። ታዲያ ይኸ ዕድር ካልሆነ ምንድነው? መዋጮ ሲጠየቅ የሚያኮርፉ አባሎቻችን ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡአት አንቃወምም።

በ1741 ዓ.ም. ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 14 ባለው ጊዜ፣ በ24 ቀን ውስጥ፣ «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ሥራውን ጻፈ። ቃሉ በሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተለቀመ ነው። በመጀመሪያ የተሰማው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በሚያዝያ 13 ቀን 1742 ዓ.ም. ነው። አዳራሹ ሰው እንዲይዝ ወይዛዝርቱ ሰፊውን ቀሚስ ሳይለብሱ፣ ወንዶቹም ሰይፍ ሳይታጠቁ እንዲመጡ ተለመኑ፤ 700 ያህል ሰው ገባ። የተገኘው 400 ፓውንድ ገደማ ለሁለት ሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተከፈለ። ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከእስር የወጡት 142 እንደነበሩ ተጽፏል። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ሲታይ ግን የእግዚአብሔር ቃል እንዴት ቲያትር ቤት ይገባል ብለው የተቆጡ ነበሩ። የኛም ኮሚቴ ስለዚህ አይፈረድበትም።

በ1749 ዓ.ም. ጦርነት አብቅቶ ሰላም ሲታወጅ ለርችት በዓል ሙዚቃ እንዲደርስ ታዘዘ። ለልምምዱ ብቻ ከ12,000 በላይ ሰው መጥቶ የለንደን ድልድይ በሠረገላ ተዘጋ። በዋናው ቀን ግን ዝናብ ጣለ፣ ርችት ማስወንጨፊያው ቤትም ከፊሉ በእሳት ተያያዘ። ከበዓሉ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ለዘመን መለወጫ ይሆናል።

በዚያው ዓመት «ሰሎሞን» የተባለው ሥራው ታየ። እዚህ ላይ ጆሮአችሁን ስጡን። በሦስተኛው ክፍል የንግሥተ ሳባ ጉብኝት አለ፤ ያም ማለት በእኛ አገር ትውፊት ማክዳ የምንላት። ክፍሉ የሚከፈትበት ፈጠን ያለ ሙዚቃ ዛሬ «የንግሥተ ሳባ መምጣት» እየተባለ በየሠርጉ ይሰማል፤ በ2012 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻም ላይ ተሰምቷል። ሦስት ደቂቃ ነው። ሁለቱ ኦቦዎች እየተቀባበሉ ሲሮጡ የጉልበት ሕመም ያለበት ሽማግሌ እንኳ እግሩን ሳይነቀንቅ አይቀርም፤ ከራሳችን ነው የምናውቀው።

በመጨረሻ ዓይኑ ከዳው። በ1751 ዓ.ም. ሲጽፍ የግራ ዓይኑ ደክሞ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሐኪሞች ቀደው ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ፈጽሞ ታወረ። እንዲያም ሆኖ ኦርጋኑን በቃሉ ይመታ ነበር። የተጣሉ ሕፃናትን ለሚያሳድገው የለንደን ድርጅትም ኦርጋን ሰጥቶ፣ በየዓመቱ «መሲሕ»ን እያሰማ ገንዘብ አስገባለት። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

በሚያዝያ 1759 ዓ.ም. «መሲሕ» ሲዘመር ተገኝቶ ወደ ቤቱ ተመለሰና ተኛ። ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ኑዛዜው ላይ ቃል አስጨመረ፤ ለዚያ ለሙዚቀኞች ማኅበር 1,000 ፓውንድ፣ ለአሽከሮቹ የዓመት ደመወዝ፣ ለራሱም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይበዛ እንዲቀበር። በቅዳም ሹር ዕለት አረፈ። ሰው ሳይበዛ ያለው ቀብር ላይ 3,000 ያህል ሰው ተገኘ። የኖረበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ማኅበሩም በኋላ የንጉሥ ቻርተር ተሰጥቶት እስካሁን ሙዚቀኞችን ይረዳል።

ለኀዘን ቤት የምንመክረውን መጨረሻ ላይ ያቆየነው አውቀን ነው። ከ«መሲሕ» ሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትዘምረው አለ፤ ቃሉ ከመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 19 ነው። በመቃብሩ ላይ ያለው ሐውልትም የያዘው ይህንኑ ወረቀት ነው። አርባ ከወጣ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢሰማ ማንም ጎረቤት የሚቀየም አይመስለንም። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ከአንድ መለከት ጋር ይዘምራል፤ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15፣ በመለከት ድምፅ ሙታን ስለሚነሡበት ቀን ነው። ስልክ መክፈት የማያውቅ አባል የልጅ ልጁን ይጠይቅ፤ በነፃ ይገኛል። ይህንን የመለከቱን ለዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ባለፈው ቅዳሜ አሰማነው። እስኪያልቅ ዝም ብሎ አዳመጠና እንድንደግምለት ለመነን።