ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል፤ የድሆች ልጆች መምህር

ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል በ1651 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በሬምስ ከተማ፣ ከባለጸጋና ከተከበረ ቤተ ሰብ ተወለደ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1667 ዓ.ም.፣ ከካቴድራሉ ካኖኖች አንዱ ሆኖ ተሾመ፤ ይህም በዚያ ዘመን ክብርም ገቢም ያለው ሹመት ነበር። በፓሪስ ዘርዐ ክህነት ሲማር እናቱና አባቱ በተከታታይ ስላረፉ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ታናናሾቹን ለማሳደግ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ክህነትን የተቀበለው በ1678 ዓ.ም. ነው።

ትምህርት ቤት የመክፈት አሳብ ከእርሱ አልመነጨም። በ1679 ዓ.ም. አድሪያን ኒየል የሚባል ምእመን ለድሆች ወንዶች ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት ሊከፍት ከሩዋን ከተማ ወደ ሬምስ መጣ፤ ወጣቱ ካህንም በምክር ረዳው። ኒየል መክፈት ይችልበት ነበር እንጂ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንለትም፤ አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። መምህራኑ ትምህርታቸው ጥቂት፣ ደመወዛቸው ከዚያም ያነሰ፣ የሚመራቸው የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። ደ ላ ሳል በመጀመሪያ ቤት ተከራየላቸው፤ ቀጥሎ ከማዕዱ አበላቸው፤ በ1681 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ ቤቱ አስገባቸው። የአንድ ድሀ መምህር ክብር ከቤት አሽከር ዝቅ ብሎ በሚታይበት በዚያ ዘመን ዘመዶቹ ይህን እንደ ውርደት ቈጠሩት፤ ታናናሽ ወንድሞቹንም ከእርሱ ዘንድ ወሰዱ።

ነገር ግን ከዘመዶቹ ቁጣ ይልቅ የጠለቀ ቃል የሰማው ከመምህራኑ አፍ ነው። ስለ ነገ እንዳይጨነቁ፣ በእግዚአብሔር መግቦት እንዲታመኑ ሲመክራቸው፣ እርሱ ርስትና ሹመት ያለው ስለ ሆነ እንዲህ መናገር እንደማይከብደው፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ግን እነርሱ ለልመና እንደሚዳረጉ ፊት ለፊት ነገሩት። እኛ በሕይወቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሰዓት አናይም። አልተቈጣም፤ እውነታቸውን ነው ብሎ ተቀበለ። በ1683 ዓ.ም. የካኖንነት ሹመቱን ለወንድሙ ሳይሆን ለአንድ ድሀ ካህን ለቀቀ። ሀብቱንም ለትምህርት ቤቶቹ ማቋቋሚያ ማድረግ ሲችል፣ በ1684 ዓ.ም. መገባደጃ በጀመረው ረሀብ እንጀራ አድርጎ ለተራቡት አከፋፈለው። ከዚህ በኋላ በድህነት ከመምህራኑ ጋር እኩል ሆነ። እነርሱም ወንድሞች ተባሉ፤ ካህናት ሳይሆኑ ዘመናቸውን ሁሉ ለማስተማር የሚኖሩ ማኅበርተኞች ሆኑ።

ቀድሞ መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሲያስነብብ የቀሩት ሥራ ፈትተው ይቀመጡ ነበር። ወንድሞች ግን ልጆቹን በችሎታቸው በክፍል ከፋፍለው በአንድነት አስተማሩ፤ መምህሩም ድምፁን እንዳያደክም በትንሽ የምልክት መሣሪያ ያዝዛቸው ነበር። ንባብም በላቲን መጀመሩ ቀርቶ ልጆቹ በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ሆነ። ዳዊትን በግዕዝ ደግመው ፊደል የለዩ አባቶቻችን የዚህን ለውጥ ክብደት ያስተውሉታል፤ ለሊቅነት የሚታጭ ልጅ ላቲኑን ጊዜ ወስዶ ይማረዋል፤ ቶሎ ወደ ሥራ የሚገባ የባለ እጅ ልጅ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ተምሮ ምንም ሳይጨብጥ ይወጣ ነበር። ልጆቹ ቍርሳቸውን በክፍል ሲበሉ፣ የተረፋቸውን እንጀራ ምንም ላላመጡት ጓደኞቻቸው በቅርጫት ያስቀምጡ ነበር። ትምህርተ ክርስቶስም በየቀኑ ይሰጥ ነበር።

በ1688 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ከተሻገረ በኋላ መከራው በዛ። በክፍያ የሚያስተምሩት የጽሕፈት መምህራን ማኅበር፣ መክፈል የሚችለውንም የማይችለውንም ሳይለይ በነጻ ይቀበላል ብለው ከሰሱት፤ በ1704 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ዕቃ ሳይቀር ተወሰደበት። በእኛ አስተያየት ከሳሾቹም እንጀራቸው ስለ ተነካ ያለ ምክንያት አልጮኹም፤ እርሱ ግን በልጅ ፊት ድህነቱን አስመስክር ማለትን አልወደደም። ከዚያ በፊት፣ ወንድሞች እየሞቱና እየለቀቁ ሲያልቁ፣ በ1691 ዓ.ም. ከሁለት ወንድሞች ጋር ሦስት ሆነው፣ ለምነው ቢበሉ እንኳ ሥራውን እንዳይተዉ ተስለው ነበር። በኋላም ዐዝኖና ራሱን ለሥራው እንቅፋት ቈጥሮ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ራቀ። በ1714 ዓ.ም. ግን ወንድሞች በገባላቸው የመታዘዝ ስለት መሠረት እንዲመለስ በደብዳቤ አዘዙት፤ መሥራቹም ለልጆቹ ታዝዞ ተመለሰ።

በ1717 ዓ.ም. አለቅነቱን ለወንድም በርተሎሜዎስ አስረከበ። ከዚያ በሩዋን አጠገብ በሳን ዮን በነበረው ቤታቸው እንደ ተራ ወንድም ኖሮ፣ በ1719 ዓ.ም. በስቅለት ዓርብ፣ በአፕሪል 7 ቀን ዐረፈ። ማኅበሩ የር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 13ኛን ማጽደቂያ ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ በ1900 ዓ.ም. ቅድስናውን አወጁ፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም በ1950 ዓ.ም. የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አደረጉት። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ወንድሞች የዚሁ ማኅበር ልጆች ናቸው።